ማዳቀል ማለት ምን ማለት ነው?

በድሬዳዋ ከተማ፣ በሳቢያን ሠፈር ሁለት ላም የሚያልቡ አንዲት እናት ላማቸው ኮርማ በፈለገች ጊዜ፣ «በሰው ሠራሽ ዘዴ ብናዳቅላትስ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ በእኔ ደጅ ዲቃላ አይታሰርም» አሉኝ። ለጊዜው ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ጥፋቱ የእርሳቸው ሳይሆን የቃሉ መሆኑን ተረዳሁ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ «ማዳቀል» እና «ዲቃላ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ዲቃላ በአነጋገራችን ከጋብቻ ውጭ ለተወለደ ልጅ መጠሪያ፣ ይልቁንም ስድብ ነው። ፈረንጆች ድቅልን «ሃይብሪድ» የሚሉበት ቃልም ከዚህ የተሻለ ክብር የለውም፤ ጥንት በላቲን የቤት እሪያ ከዱር እሪያ የወለደችው ግልገል ይጠራበት ነበር።

ባለሙያው የኮርማ ዘር በቀጭን ቱቦ ወደ ላሚቱ ማሕፀን የሚያስገባበት ሥራ ግን በሳይንስ ስሙ «ኢንሴሚኔሽን» ይባላል። «ሴሜን» በላቲን ዘር ማለት ነው፤ ስለዚህ ኢንሴሚኔሽን ማለት ዘር መዝራት ነው። የገበሬ ቃል ነው እንጂ የስድብ አይደለም። እኛ ሁለቱንም ሥራ «ማዳቀል» ብለን በመጥራታችን ነገሩ ተደባለቀ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የቦረና ላም በቱቦ የቦረና ዘር ቢገባላት የምትወልደው ንጹሕ ቦረና ነው፤ ድቅል የለበትም። የፍሪዥያን ዘር የገባላት እንደ ሆነ ጥጃዋ በደሙ ግማሽ ፍሪዥያን ይሆናል። ይህችው ግማሽ ደም ያላት ጊደር አድጋ የሠፈር ኮርማ ቢያጠቃት ልጇ ሩብ ብቻ ይወርሳል። የልጅቱ ወተት አንሶ ሲገኝ ባለቤቱ «ማዳቀሉ ከሸፈ» ይላል። የድቅል በቆሎን ምርት መልሶ የዘራ ሰው ይህን ያውቀዋል። እንደ ገና ፍሪዥያን ቢደገም ደግሞ ደሙ ሦስት አራተኛ ይደርሳል፤ እንዲህ ያለችው ላም ብዙ መኖ ትሻለች፣ የድሬዳዋንም ሙቀት በቀላሉ አትችለውም። እኔ ጥላና መኖ ለጎደለው ሰው ግማሹን እመርጥለታለሁ።

ስለዚህ ባለሙያው ሲመጣ አስቀድማችሁ «የምን ዘር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከቀኑ ጋር ጻፉት። ሌሎች ከብቶች ሲወጡባት ሳትሸሽ የቆመችውን ላም ጧት ካያችሁ ማታ፣ ማታ ካያችሁ በማግስቱ ጧት ይዘራባት። የሀገራችን ላም ኮርማ የምትፈልገው ለጥቂት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ነውና ጎሕ ሳይቀድ ጎብኟት። በ21ኛው ቀን ገደማ እንደ ገና ኮርማ ከፈለገች ዘሩ አልያዘምና ባለሙያውን መልሳችሁ ጥሩ።