ከሒሳብ መዝገብ ወደ በሽተኛ አልጋ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ልብሱንና የዳዊት መጽሐፉን በሻንጣው ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ በአገሩ የነበረውን የሥራ ማዕረግ ግን ይዞ መሄድ ብዙ ጊዜ አይሆንለትም። በአዲስ አበባ ባንክ ቤት ይሠራ የነበረው በዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ማቆሚያ ቤት ገንዘብ ሲቀበል፤ ተማሪዎችን ያስተምር የነበረው ታክሲ ሲነዳ፤ በመሥሪያ ቤት ሒሳብ ትይዝ የነበረችው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሌሊቱን ቆማ ስታድር እናያለን። ይህ ነውር አይደለም፤ በላብ የተገኘ እንጀራ የተባረከ ነውና። ሆኖም ዕድሜ ሳይገፋ ሌላ ሙያ ተምሬ ኑሮዬን ላሻሽል የሚል ሐሳብ በቤት ውስጥ ሲነሣ፣ ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ መሆኑ ይቀርና የቤተሰቡ ሁሉ ይሆናል።

በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በዚህ ጊዜ የሚያስቡት የነርስነትን ሙያ ነው። በሌላ ትምህርት ዲግሪ ላላቸው ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀ አጭር የነርስ ዲግሪ ትምህርት መኖሩን ሲሰሙም ተስፋቸው ይጨምራል። ተስፋው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን «አጭር» የሚለው ቃል ብቻውን ሰምቶ የሚነሣ ሰው በመንገድ ሊደክም ስለሚችል፣ ርዝመቱ በእውነት ስንት እንደሆነ፣ ወጪው ምን እንደሆነና ቤተሰቡ አስቀድሞ ምን መመካከር እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ እናመለክታለን።

ትምህርቱ ምንድር ነው?

በአሜሪካ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቶ የነርስ ዲግሪ ለሚጀምር ወጣት ትምህርቱ አራት ዓመት ያህል ይወስዳል። ቀደም ብሎ ዲግሪ ያገኘ ሰው ግን ጠቅላላውን ትምህርት እንደ ገና እንዳይደግም ተደርጎ፣ የነርስነቱ ክፍል ብቻ ከ11 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይሰጠዋል። ይህ ዓይነቱ ትምህርት በ1971 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ይገኛል።

ጊዜው ያጠረው ትምህርቱ ስለ ቀለለ ሳይሆን ዕረፍቱ ስለ ተወሰደ ነው። ተማሪው ክረምት ከበጋ ይማራል፤ ከክፍል ሲወጣ ወደ ሆስፒታል ሄዶ በአስተማሪ ጥበቃ ሥር በሽተኛ ያስታምማል። የሆስፒታሉም ተራ አንዳንድ ጊዜ 12 ሰዓት የሚፈጅ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ተማሪው በዚያ ጊዜ ሌላ ሥራ እንዳይሠራ ይመክራሉ።

ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ኤንክሌክስ የሚባለው የፈቃድ ፈተና ይቀራል። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን የጥያቄዎቹ ብዛት ከ85 እስከ 150፣ ጊዜውም እስከ 5 ሰዓት ነው። የወደቀ ሰው እንደ ገና ለመፈተን ቢያንስ 45 ቀን መጠበቅ አለበት። ይህን ፈተና ያላለፈ ሰው፣ ዲግሪውን በእጁ ቢይዝም፣ ነርስ ተብሎ ሊሠራ አይችልም።

ከበሩ በፊት ያለው መንገድ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንዲት የሁለት ልጆች እናት እናስብ። በአገሯ በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ አግኝታ ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ በአሜሪካ የአረጋውያን ረዳት ሆና ትሠራለች፤ ባለቤቷም ታክሲ ይነዳል። «ትምህርቱ 15 ወር ነው አሉ፤ በሚመጣው ዓመት መጨረሻ ነርስ እሆናለሁ» ብላ ለባለቤቷ ትነግረዋለች። እንግዲህ አብረን እንቍጠር።

በመጀመሪያ የሒሳብ ዲግሪዋ የማይዛቸው ትምህርቶች አሉ። እነዚህም የሰውን አካል አሠራር የሚያስረዳው አናቶሚና ፊዚዮሎጂ በሁለት ክፍል፣ በዓይን ስለማይታዩ ተሐዋስያን የሚያስተምረው ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስ፣ ስለ ሰው ዕድገት የሚናገረው ሥነ ልቡናና ሥነ ምግብ ናቸው። የሚፈለገው ዝርዝር ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። የአናቶሚው ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሪያው በፊት ሊወሰድ ስለማይችል ሁሉን በአንድ ጊዜ ልጨርስ ማለት አይቻልም። ሥራና ልጆች ላሏት እናት ይህ ብቻውን ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። ብዙ ትምህርት ቤቶችም የሳይንስ ትምህርቱ ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ የቈየ ከሆነ አይቀበሉትም።

ሁለተኛ፣ ከአገር ቤት የተገኘው ዲግሪ በአሜሪካ መለኪያ መመዘን አለበት። ይህን የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ የሚፈልጉትም እያንዳንዱን ትምህርት ለየብቻው የሚዘረዝር ትራንስክሪፕት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ ይጠይቃሉ። ከአገር ቤት ወረቀት ማስመጣት ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ይህ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ይጀመር። በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ ቢሰጥም፣ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ቶፍል የሚባለውን የቋንቋ ፈተና ይጠይቃሉ። ደግሞም ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና ሰዋስው የሚፈተንበት ቲስ፣ ወይም ሄሲ የሚባለው የመግቢያ ፈተና አለ።

ሦስተኛ፣ የማመልከቻው ቀን ትምህርቱ ከሚጀመርበት ቀን ብዙ ወራት ይቀድማል። ይህ ሁሉ ሲደመር እናታችን ከመጀመሪያው የአናቶሚ ክፍል አንሥቶ የፈቃድ ወረቀቷን እስክትይዝ ድረስ ሁለት ዓመት ተኩል፣ ምናልባትም ሦስት ዓመት ተኩል ያስፈልጋታል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ ይጸናል፤ 15 ወር ብቻ ብሎ የጀመረ ግን በሁለተኛው ዓመት መወቃቀስ ይጀምራል።

ስለ ወጪው

ብዙዎች የሚሰናከሉት በዚህ ላይ ነው። መንግሥት ለድኻ ተማሪ በነፃ የሚሰጠው ፔል የሚባለው ርዳታ፣ አንድ ጊዜ ዲግሪ ላገኘ ሰው አይሰጥም፤ ዲግሪው የተገኘው በውጭ አገር ቢሆንም እንኳ ሕጉ ያው ነው። ይህን ፈርቶ የአገር ቤቱን ዲግሪ መደበቅ ሐሰት ነውና በክርስቲያን ቤት ሊታሰብ አይገባም፤ ለዚህ ትምህርት የሚያበቃውም ያው ዲግሪ ነው።

የሚቀረው ብድር ነው። ራሱን ችሎ የሚኖር ተማሪ ከመንግሥት የሚበደረው በትምህርቱ ከፍተኛ ዓመታት በዓመት እስከ 12,500 ዶላር፣ በጠቅላላው ደግሞ እስከ 57,500 ዶላር ነው። የግል ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ ከዚህ የዓመት ልክ አብዝቶ ስለሚበልጥ፣ የጐደለው በግል ባንክ ብድር ሲሞላ ዕዳው ይከብዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ የክፍለ ግዛቱን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መጠየቅ ብልህነት ነው። ነርስ ኮር የሚባል የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ዕርዳታም አለ፤ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች የትምህርቱን ዋጋና የወር መተዳደሪያ ይከፍላል፤ ተማሪውም በምላሹ ነርስ ባነሰበት ስፍራ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ይዋዋላል። ውሉን ያፈረሰ ገንዘቡን ከነወለዱ ይመልሳል።

የተመዘገቡ ነርሶች የዓመት ደመወዝ በ2024 እ.ኤ.አ. ግንቦት ላይ በአማካይ ስፍራ የቆመው 93,600 ዶላር ነበር። ይህ መልካም ቍጥር ነው፤ ነገር ግን ከዕዳው ጋር ተቀናንሶ ሊታይ ይገባል። ባለቤቷ ብቻውን በሚሠራባቸው ወራት ለአገር ቤት ወላጆች የሚላከው ገንዘብ ቢቀንስ፣ አስቀድሞ በግልጽ ይነገራቸው። ዕቍብ የሚጥሉ ቤተሰቦችም ዕጣው በትምህርቱ መጀመሪያ እንዲደርሳቸው ከዕቍብተኞቹ ጋር ቢነጋገሩ ከባንክ ወለድ ይድናሉ።

ደግሞ ሌላ መንገድ እንዳለ መርሳት አይገባም። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው የሁለት ዓመት የነርስ ትምህርት በዋጋ እጅግ ይቀላል፤ የሚጨርሱትም የሚፈተኑት ያንኑ የኤንክሌክስ ፈተና ነው። ብዙ ሆስፒታሎች ባለ ዲግሪውን ቢመርጡም፣ ሥራ ይዞ ዲግሪውን ቀስ ብሎ ማሟላት ይቻላል። ዝግ ያለው መንገድ ለአንዳንድ ቤት የተሻለው ነው።

ማመልከቻውን ስለ መጻፍ

ትምህርት ቤት ከመምረጥ በፊት ሲ.ሲ.ኤን.ኢ. ወይም ኤ.ሲ.ኢ.ኤን. ከሚባሉት ከሁለቱ የጥራት መርማሪዎች የአንዱ ዕውቅና እንዳለው ይጠየቅ። ከተማሪዎቹ ስንቶቹ ፈተናውን በመጀመሪያው ጊዜ እንዳለፉም በየክፍለ ግዛቱ የነርሶች ቦርድ ይገለጻል። በማስታወቂያ ብቻ የሚጠራ፣ ቸኵሎም ገንዘብ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ሲያጋጥም እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ጠይቆ መልስ ሳያገኙ አለመፈረም ነው።

ከማመልከቻው ጋር የምስክርነት ደብዳቤ ይፈለጋል። ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማሩን መምህራን ላይገኙ ስለሚችሉ፣ የአናቶሚውን ወይም የማይክሮባዮሎጂውን መምህር ትምህርቱ ሳያልቅ ቀርቦ መተዋወቅና ደብዳቤውን መለመን ይገባል።

አመልካቹ ሙያውን ለምን እንደሚለውጥ የሚያስረዳበት ጽሑፍም አለ። ብዙ ሰው «ከሕፃንነቴ ጀምሬ ነርስ ለመሆን እመኝ ነበር» ብሎ ይጽፋል። እውነት ካልሆነ አይጻፍ፤ አንባቢዎቹ ይህን ዓረፍተ ነገር ሺህ ጊዜ አንብበውታል። እናታችን ግን የምታውቀውን ትጻፍ፤ አንዲት ዜሮ ያለ ቦታዋ ስትገባ መዝገብ ሁሉ እንደሚበላሽ ታውቃለች። የመድኃኒት ልክም እንዲሁ ነው፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች የመድኃኒት ሒሳብ ፈተና በከፍተኛ ውጤት ካልታለፈ ተማሪው በሽተኛ ዘንድ አይቀርብም። በመጦሪያ ቤት ያስታመመቻት አሮጊት ሌሊት ስትጠራት ምን እንዳደረገችም ትጻፍ። የቀድሞ ሙያ የሚታፈርበት ጓዝ ሳይሆን ስንቅ ነው።

በሽተኛ አስታሞ የማያውቅ ሰው ደግሞ ብድር ከመፈረሙ በፊት ራሱን ይፈትን። የረዳት አስታማሚነት ትምህርት በፌዴራሉ ሕግ ከ75 ሰዓት ማነስ የለበትም፤ በጥቂት ሳምንታትም ያልቃል። በዚያ ሥራ ላይ ጥቂት ወራት የቈየ ሰው ሙያው ይስማማው እንደሆነና እንዳልሆነ ያውቃል።

ስለ ሐፍረት

አንድ ነገር ግን ከገንዘቡና ከፈተናው ይልቅ ልብን ይሰብራል። እናታችን አሳቧን በስልክ ለእናቷ ስትነግር «ልጄ፣ ያን ሁሉ ተምረሽ የሰው ገላ ልታጥቢ ነው?» ብለው ቢያዝኑ ምን ትመልሳለች?

ይህን ጥያቄ አንዲት የአገራችን ልጅ ቀድማ በሥራ መልሳዋለች። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ከአባቷ ጋር ተሰዳ ወደ እንግሊዝ አገር በሄደች ጊዜ፣ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ የነርስነትን ሙያ ተማረች፤ በ1939 እ.ኤ.አ. ፈተናዋን አልፋ የተመዘገበች ነርስ ሆነች። አገሯ ነፃ ከወጣ በኋላ ተመልሳ፣ በ1934 ዓ.ም. ገና በ22 ዓመቷ በነቀምቴ ዐረፈች። በአዲስ አበባም በስሟ የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራላት። የንጉሥ ልጅ መሆኗ በስደት አገር የታመመ ሕፃን ከማስታመም አልከለከላትም።

ከዚህም በላይ ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ የሕፅበተ እግር ሥርዓት ትፈጽማለች፤ ጳጳሳትና ካህናት ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ቀን የሚያከብር ክርስቲያን፣ የደከመ ሰው ገላ ማጠብን እንደ ውርደት ሊቈጥር አይችልም። አያት ይህን ሲሰሙ እንደሚረዱ አንጠራጠርም፤ በዕለቱ እግራቸውን ለካህን የዘረጉት እርሳቸው ናቸውና።

ስለ በዓልና ስለ ጾም

የአሜሪካ ትምህርት ቤት የገናን በዓል በታኅሣሥ 29፣ ጥምቀትንም በጥር 11 አያከብርም። የስቅለት ዕለት ፈተና ሊውል፣ በእሑድም የሆስፒታል ተራ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው የበዓላቱን ቀን የትምህርቱ መርሐ ግብር እንደ ወጣ ወዲያው በጽሑፍ ለአስተማሪዎቹ ያስታውቅ፤ ሁልጊዜ ባይፈቀድለትም፣ አስቀድሞ የጠየቀ በመጨረሻው ሰዓት ከጠየቀ ይሻላል። በዐቢይ ጾም 12 ሰዓት ቆሞ ስለ ማስታመም ደግሞ በራሱ ፈቃድ ከመወሰን ይልቅ ሁኔታውን ለንስሐ አባቱ ይንገር። ደክሞት የመድኃኒት ልክ ቢያሳስት የሚጐዳው ሌላ ሰው መሆኑን አባታችን ሊያውቁ ይገባል።

እንግዲህ እናታችንና ባለቤቷ በአንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ በአንድ ወረቀት ላይ ዓመታቱን፣ በሌላው ላይ ገንዘቡን፣ በሦስተኛው ላይ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ማን እንደሆነ ይጻፉ። ሒሳቡ ካልሞላ አንድ ዓመት ማዘግየት ሽንፈት አይደለም። ከሞላ ግን በጸሎት ጀምረው ትራንስክሪፕቱን በማግሥቱ ይጠይቁ። ታሞ በአልጋ የተኛ እንግዳ አገር ሰው፣ ሌሊት ደውሉን ሲደውል ማን ይመጣልኝ ይሆን ብሎ ይጠብቃል፤ የምትመጣለትም በእርሷ መዝገብ ውስጥ አንዲት ዜሮ እንኳ ቦታዋን ስታ የማታውቅ፣ ከቤቷ ሁሉ ጋር መክራ የመጣች ሴት ብትሆን ለእርሱም ለእርሷም በረከት ነው።