ጥቅል ፋይል ሲፈታ የቀበሌ ሰነድ እንዳይጠፋ

የአርሶ አደሩ የማዳበሪያ ፍላጎት ከቀበሌ ወደ ወረዳ ሲሰበሰብ በርካታ የኤክሴል ሰነዶች በአንድ «ዚፕ» ተጠቅልለው ሊላኩ ይችላሉ። ጥቅሉ በተቀባዩ ኮምፒውተር ሲፈታ የአንዱ ቀበሌ ሰነድ በሌላው ተተክቶ ቢጠፋ፣ ጉድለቱ የሚታወቀው ምናልባት ማዳበሪያው ሲከፋፈል ነው።

የችግሩ ምንጭ ኮምፒውተሮች የፋይል ስምን የሚለዩበት ሥርዓት አንድ አለመሆኑ ነው። ሊነክስ የላቲንን ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፤ ዊንዶውስና ማክ ግን በተለመደው አሠራራቸው አይለዩም። የሁለት ቀበሌ ባለሙያዎች ሰነዳቸውን በላቲን ፊደል «ፍላጎት» ብለው ቢሰይሙና አንደኛው በትልቅ፣ ሌላኛው በትንሽ ፊደል ቢጀምር፣ ሁለቱ ፋይሎች ሊነክስ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዊንዶውስ ላይ ሲፈቱ ግን ያላቸው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ባዶ ፎልደር ውስጥ መፍታትም ከዚህ አያድንም፤ ግጭቱ ያለው በራሱ በጥቅሉ ውስጥ ነውና።

የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከዚህ ነጻ ነው፤ ሆኖም የራሱ ፈተና አለው። «ሰኔ» እና «ሠኔ» ለአንባቢ አንድ ወር ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሁለት ስሞች ናቸው። እዚህ ላይ የሚጠፋ ሰነድ የለም፤ ይልቁንም አሮጌውና የታረመው አብረው ተቀምጠው አንድ ቀበሌ ሁለት ጊዜ ሊደመር ይችላል።

ምልክቶችም ያስቸግራሉ። በሊነክስ «12:30» የሚል ስም ይፈቀዳል፤ ዊንዶውስ ግን ሁለት ነጥቡን፣ የጥያቄ ምልክትንና ኮከብን አይቀበልም። ፈቺው ፕሮግራም እነዚህን በሌላ ምልክት ሲተካ የተለያዩ የነበሩ ስሞች አንድ ሊሆኑ ይችላሉ።

«ሰቨን ዚፕ» ግጭት ሲገጥመው ይተካ፣ ይታለፍ ወይስ አዲስ ስም ይሰጠው ብሎ ይጠይቃል። አደጋው በችኮላ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን መጫን ነው። በሊነክስ የተለመደው «ታር» ደግሞ ካልታዘዘ በቀር ሳይጠይቅ ይተካል፤ ይህ ዝምታው ከሁሉም ይብሳል።

ስለዚህ ተቀባዩ ጥቅሉን ከመፍታቱ በፊት ዝርዝሩን ከፍቶ የፋይሎቹን ብዛት መመዝገብ፣ ከፈታ በኋላም ማነጻጸር ይኖርበታል። ቁጥሩ ካነሰ ዋናውን ጥቅል ሳይሰርዝ፣ ለሚጋጩት አዲስ ስም እንዲሰጥ አዝዞ እንደገና ይፈታዋል። ላኪው በበኩሉ የቀበሌውን መለያ ቁጥር በየፋይሉ ስም መጀመሪያ ላይ ቢያስገባ፣ የላቲን ስሞችንም በትንሽ ፊደል ብቻ ቢጽፍ ግጭቱ ከመነሻው ይቀራል።