ፖቶሲ፦ ብሩ የሄደበት፣ ዕዳው የቀረበት ተራራ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃና በ17ኛው መባቻ፣ በቲቲካካ ሐይቅ ዳር ካለችው ከቹኩዊቶ አውራጃ በየዓመቱ አንድ ትልቅ ጉዞ ይነሣ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለግዳጅ የተመለመሉት ወንዶች 2,200 ገደማ ነበሩ። ብቻቸውን ግን አይሄዱም። ሚስቶቻቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ስንቅ የተጫኑ ላማዎቻቸውን ያስከትላሉ። ጉዞውን በዐይኑ ያየ አንድ ስፔናዊ ተጓዡን ከ7,000 ነፍስ በላይ ብሎ መዝግቦታል። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ፣ ከፍ ያለው በእግሩ፣ ብርድ በሚጋረፈው አምባ ላይ ሁለት ወር ያህል ተጉዘው ፖቶሲ ይደርሳሉ። የግዳጁ ዘመን አንድ ዓመት ነው። ዓመቱ ሲሞላ ግን ብዙዎቹ ወደ ቀያቸው አልተመለሱም።

ፖቶሲ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚወራው ስለ ብሩ ነው። ስንት ቶን ወጣ፣ ማንን አከበረ፣ የትኛውን ጦርነት ደገሰ ይባላል። እኔ ማውራት የምፈልገው እነዚያ ሰዎች ጥለዋቸው ስለ ሄዱት መንደሮች ነው። ምክንያቱም የዚያ ሥርዓት ጥልቁ ጉዳት የደረሰው ከተራራው በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ፣ ብሩን ዐይተውት በማያውቁ ሰዎች ደጃፍ ላይ ነው። የዚያ ጉዳት ጠባሳ ዛሬም ይለካል።

ተራራውና የእንደራሴው ሕግ

ሴሮ ሪኮ፣ ማለትም ሀብታሙ ተራራ፣ የሚገኘው በዛሬዋ ቦሊቪያ ነው። ስፔናውያን ብሩን ማውጣት የጀመሩት በ1545 ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ እህል በማይበቅልበትና ዛፍ በማይታይበት መሬት ላይ፣ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ100,000 በላይ ሰው የሰፈረበት ከተማ ቆመ። በዘመኑ ከአውሮፓ ታላላቅ ከተሞች ጋር የሚስተካከል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሀብት የተገኘው በአገሬው ሰው ዕውቀት መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ብሩን የሚያቀልጡት የአንዲስ ተወላጆች ነበሩ። ጓይራ የሚባሉትን፣ በነፋስ ኃይል የሚነዱ ትንንሽ ምድጃዎች በኮረብታው ላይ ደርድረው ይሠሩ ነበር። የማቅለጡ ሥራ በእጃቸው ስለ ነበር ከትርፉም ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን ከላይ የነበረው ምርጥ ድንጋይ እያለቀ፣ ጉድጓዱ እየጠለቀ ሄደ። በ1560ዎቹ ምርቱ አሽቆለቆለ።

የፔሩ እንደራሴ ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ በ1572 ፖቶሲ ሲደርስ ይዞት የመጣው መፍትሔ ሁለት ክንፍ ነበረው። አንደኛው ባዘቃ (ሜርኩሪ) ነው። የተፈጨው ድንጋይ ከባዘቃ ጋር ሲደባለቅ ደካማው ማዕድን እንኳ ብሩን ይለቃል። ባዘቃው ከፔሩዋ ሁዋንካቬሊካ ይመጣል። ለመፍጫ ወፍጮዎቹ ደግሞ በተራሮቹ መካከል ግድቦች ተሠርተው ሰው ሠራሽ ሐይቆች ተጠራቀሙ። ሁለተኛው ክንፍ የሰው ጉልበት ነው። ቶሌዶ ከኩስኮ አቅራቢያ እስከ ደቡባዊ ቦሊቪያ ከተዘረጉ 16 ያህል አውራጃዎች ለአቅመ ሥራ ከደረሱ ወንዶች ሰባተኛው እጅ በየዓመቱ በተራ ለፖቶሲ እንዲላክ ደነገገ። ድምሩ 13,500 ገደማ ሰው ነው። ሥርዓቱ ሚታ ተባለ።

ስሙም አሠራሩም ከኢንካዎች የተወረሰ ነበር። በኢንካ ዘመን ሕዝቡ ለመንግሥት በተራ ይሠራል፤ መንግሥቱም በሥራ ላይ ያለውን ያበላል፣ ያጠጣል፣ በችግር ጊዜ ጎተራውን ይከፍታል። ቶሌዶ ግዴታውን ይዞ ውለታውን ጣለ። እርግጥ ነው፣ ሕጉ ደመወዝ አስቀምጧል፤ በጉድጓድ ውስጥ ለሚሠራ በቀን ሦስት ተኩል ሬያል። ሁሉ ነገር ከሩቅ ተጭኖ በሚመጣበትና ኑሮ እሳት በሆነበት ከተማ ግን ይህ ገንዘብ ቤተሰብ አያኖርም። ስለዚህ አባት ሲቆፍር እናትና ልጅ ደግሞ ማዕድን ሲለቅሙ፣ ገበያ ሲሸጡ ይውላሉ።

ከመሬት በታች

ኢየሱሳዊው ካህን ሆሴ ዴ አኮስታ በ1590 ባሳተመው መጽሐፍ የጉድጓዶቹን ውስጥ በዝርዝር ገልጿል። መሰላሉ ከተጎነጎነ የከብት ቆዳ የተሠራ ነው፤ በመካከሉ የእንጨት መርገጫ አለው። በአንዱ ጎን ሰው ይወርዳል፣ በሌላው ይወጣል። ተሸካሚው 23 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ በብርድ ልብስ ቋጥሮ በጀርባው ያዝላል፤ ጫፉን ደረቱ ላይ ያስራል። ሁለት እጁ መሰላሉን ስለሚይዝ ሻማው አውራ ጣቱ ላይ ይታሰራል። ቀን ከሌሊት በማይለይበት ጨለማ ያለው ብርሃን ያ ብቻ ነው። ከታች ላብ አጥምቆት የወጣ ሰው የጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ የሚቀበለው የአምባው ውርጭ ነው። ከአደጋው ያመለጠውን ብዙ ሰው የጨረሰው ከዚህ የሚመጣው የሳንባ ምችና የድንጋዩ አቧራ ነው። ረኃቡንና ድካሙን የሚያስታግሰው የኮካ ቅጠል ነበር። በሁዋንካቬሊካ ደግሞ የባዘቃው መርዝ ሠራተኛውን እያንቀጠቀጠ ይገድለው ነበር።

ይሁንና የፖቶሲ ሠራተኞች እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ አልነበሩም። የአገሬው ሴቶች የቺቻ መጠጥና የኮካ ንግዱን ይዘው፣ የማዕድን ገበያውን አድምቀው የከተማዋን የዕለት ኑሮ ያንቀሳቅሱ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካክቻ የሚባሉ ሠራተኞች ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ ጉድጓዶቹ ውስጥ እየገቡ ለራሳቸው ያወጡ ነበር። ባለሀብቶቹ ሌቦች ይሏቸዋል፤ እነሱ ግን ሰንበት የእኛ ድርሻ ነው ባዮች ነበሩ።

ባዶ የቀሩ መንደሮች

የሚታን ጉዳት በጉድጓዱ ብቻ የሚለካ ሰው ግን ግማሹን ታሪክ ያጣዋል። ሕጉ ግዴታውን ያሰረው ከሰውየው የትውልድ መንደር መዝገብ ጋር ነበር። ቀዬውን ጥሎ ሌላ መንደር የገባ ሰው መጤ ተብሎ ከሚታ ነፃ ይሆናል። የሰባተኛው ዓመት ተራ ሲቃረብ ሰው ምን ያደርጋል? ይሰደዳል። መሬቱን፣ የአባቶቹን መቃብር፣ የመስኖ ድርሻውን ትቶ ስም በማይጠራበት አገር ጥገኛ ይሆናል።

አንድ ሰው በሄደ ቁጥር ሸክሙ በቀሪው ላይ ይከብዳል። የመንደሩ ኮታ ከሕዝቡ ቁጥር ጋር አብሮ አልቀነሰም ነበርና። በሰባት ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርሰው ተራ በየሦስት ዓመቱ፣ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ይመጣ ጀመር። ለጎደለው ሰው የሚጠየቀው ኩራካ የሚባለው የመንደሩ ባላባት ነው። ሰው ካላቀረበ በገንዘብ ይከፍላል፤ ገንዘብ ካጣ ይታሰራል፣ ይገረፋል። ስለዚህ ላማ ይሸጣል፣ መሬት ይሸጣል፣ ይበደራል።

እዚህ ላይ ነው ሥርዓቱ ዓላማውን እንኳ የሳተው። አንዳንድ የማዕድን ባለቤቶች ጉድጓዳቸው ቢነጥፍም በስማቸው የተመደበላቸውን ሰው መጠየቃቸውን አላቆሙም። ሰው ሳይሆን ገንዘቡን ይቀበሉና ኪሳቸው ይከቱታል። አንድ ግራም ብር ሳያወጡ ከሩቅ መንደሮች ድህነት ገቢ ይሰበስቡ ነበር። ለማዕድን ተብሎ የወጣ ሕግ ያለ ማዕድንም መኖር ቻለ።

ሁሉም ያውቅ ነበር

ይህ ግፍ ተደብቆ የተሠራ አልነበረም። ካህናት ጽፈዋል፣ ባላባቶች አቤት ብለዋል፣ ባለሥልጣናት ተከራክረዋል። በ1660ዎቹ መጨረሻ እንደራሴ የሆነው የሌሞስ ኮንት ሚታ እንዲቀር ለዘውዱ አሳስቧል። በ1680ዎቹ የመጣው የፓላታ መስፍን ደግሞ መጤዎቹንም ቆጥሮ ወደ ሚታ ሊያስገባ ሞከረ፤ ተከታዩ አብዛኛውን ሻረው። በ1777 ሆሴ ገብርኤል ኮንዶርካንኪ የተባለ ባላባት ሕዝቡ ከፖቶሲ ሚታ ነፃ እንዲወጣ ለመለመን ሊማ ድረስ ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቱፓክ አማሩ ተብሎ አንዲስን ያናወጠውን ዐመፅ መራ። በ1781 ኩስኮ አደባባይ ላይ በጭካኔ ተገደለ። በ1793 የቻርካስ ዐቃቤ ሕግ ቪክቶሪያን ዴ ቪያቫ በሚታ ላይ ድርሳን ጻፈ፤ የፖቶሲው አስተዳዳሪ ፍራንሲስኮ ዴ ፓውላ ሳንስ ለሥርዓቱ ጥብቅና ቆመ።

ታዲያ ለምን ሁለት ክፍለ ዘመን ተኩል ያህል ቆየ? ዘውዱ ከብሩ አንድ አምስተኛውን ይወስድ ስለ ነበር ነው። የስፔኑ ንጉሥ የፊልጶስ ዳግማዊ ግምጃ ቤት ያ ሁሉ ብር እየገባለትም በ1557፣ በ1575 እና በ1596 ዕዳውን መክፈል አቅቶታል። ብሩ ሴቪያ ሳያድር ለአበዳሪዎችና ለጦርነት ይሄዳል፤ ከ1571 ወዲህ ደግሞ ከሜክሲኮው ጋር በማኒላ በኩል ቻይና ድረስ ይፈስሳል። ገቢው ማድሪድ፣ ወጪው ቹኩዊቶ ሲሆን፣ ወሳኙ ማድሪድ ያለው ነው። ወጪው በውሳኔ ሰጪው ደጅ የማይደርስ በደል ሁሌም ጠበቃ አያጣም።

በ1812 የጉዋያኪሉ ተወካይ ሆሴ ሆአኪን ዴ ኦልሜዶ በስፔኑ የካዲስ ምክር ቤት ሚታ እንዲሻር ተከራከረ፤ ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት ሻረው። የነፃነት መሪው ሲሞን ቦሊቫር በ1825 ተራራው ጫፍ ላይ ሲወጣ የስፔን አገዛዝ ራሱ አብቅቶ ነበር።

ሕጉ ከሞተ በኋላ

የአባት ዕዳ ለልጅ ይሉት ነገር እዚህ በቁጥር ተረጋግጧል። ሜሊሳ ዴል የተባለች የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ2010 ባሳተመችው ጥናት፣ በፔሩ የሚታ ወሰን ግራና ቀኝ ያሉ ጎረቤት ወረዳዎችን አነጻጽራለች። በወሰኑ ውስጥ የነበሩት አባወራዎች ፍጆታ ከውጭዎቹ በ25 በመቶ ገደማ ያንሳል። የሚቀነጭሩ ሕፃናት ድርሻ ደግሞ በስድስት መቶኛ ነጥብ ያህል ይበልጣል። መንገድም ያነሰ ነው፤ ገበሬው ለገበያ ሳይሆን ለጉርሱ ብቻ የሚያርስ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ማንም ሰው ለሚታ አልተመለመለም፤ ወሰኑ ግን በሕፃናት ቁመት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ተራራውም አላረፈም። ብሩ ሲመናመን ቆርቆሮ ተተካ። በ1952 አብዮት ትልልቆቹ ማዕድን ማውጫዎች የመንግሥት ሆኑ፤ በ1985 የቆርቆሮ ዋጋ ሲወድቅ ከ20,000 በላይ የመንግሥት ማዕድን ሠራተኞች ሥራ አጡ። ዛሬ በሴሮ ሪኮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው በአሮጌዎቹ ዋሻዎች ውስጥ ይቆፍራሉ፤ ሲሊኮሲስ የሚባለው የአቧራ በሽታም ሳንባቸውን ይበላዋል። በ2011 የተራራው ጫፍ ሰመጠ። ዩኔስኮ በ1987 በዓለም ቅርስነት የመዘገባትን ፖቶሲን በ2014 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር አስገባት።

አሁን ክርክሩ ተራራው ይዘጋ ወይስ ይቆፈር የሚል ነው። ቅርሱን ለማዳን ተብሎ ሌላ እንጀራ ሳይዘጋጅ ቢዘጋ፣ ወጪውን የሚሸፍኑት እንደ ጥንቱ ድሆቹ ናቸው። እንዳለ ቢተውም በሳንባቸው የሚከፍሉት እነሱው ናቸው። ሁለቱም መንገድ የቶሌዶን ስሌት ይደግማል፤ ጥቅሙ ሌላ ቦታ፣ ዕዳው በጉድጓዱ አፍና በሩቅ መንደር። ፍትሕ የሚጀምረው ወጪው በማን ላይ እንደሚያርፍ ከውሳኔው በፊት ሲጠየቅና መልሱን ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ሲሰጡ ነው። የሠራተኛው ሕክምናና ጡረታ፣ የቀድሞ ሚታ ወረዳዎች መንገድና ትምህርት ቤት የችሮታ ጉዳይ አይደሉም። ብሩን የተካፈለው ዓለም ያልከፈለው ሒሳብ ናቸው።