የጅቡቲ 65 ወንበሮች

ስለ ጅቡቲ ሲወራ ወደቡ፣ ባቡሩና ሙቀቱ ይነሣና ምክር ቤቱ ተረስቶ ይቀራል። እኔን ግን ከወደቡ ይልቅ የሚያስደንቀኝ በዋና ከተማዋ የሚሰበሰበው ባለ 65 ወንበር ብሔራዊ ምክር ቤት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።)

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ፈረንሳይ በ1862 ኦቦክን ከአፋር ሹማምንት በውል ያዘች። በ1958 እና በ1967 በተደረጉት ሕዝበ ውሳኔዎች አገሩ በፈረንሳይ ሥር ቆየ። በሜይ 1977 ሕዝቡ ነፃነትን መረጠ፤ በዚያው ቀን 65 እንደራሴዎችንም መረጠ። ከ1981 በኋላ የአንድ ፓርቲ ዘመን መጣ፤ የ1992ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ለሌሎች ፓርቲዎች በር ከፈተ።

በጅቡቲ ከተማ ዳር ባለው የጭነት መኪኖች መቆሚያ፣ ፒኬ 12 ላይ፣ ሻይ የሚጠጡ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮቻችን «ጅቡቲም ጠቅላይ ሚኒስትር አላት፤ ሥርዓቷ እንደኛው ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። አይደለም፣ ወንድሞቼ! እዚህ የመንግሥቱ መሪ ፕሬዚዳንቱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾመው እሱ ነው፤ ምክር ቤቱ በመተማመኛ ድምፅ ሊያወርደው አይችልም። እንዲህ ያለ ሥርዓት አዲስ አይደለም፤ በካይዘሮቹ ዘመን ጀርመንም ከ1871 ጀምሮ ወንዶች ሁሉ የሚመርጡት ራይሽስታግ የተባለ ምክር ቤት ነበራት፤ ቻንስለሩ ግን ተጠሪነቱ ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በምክር ቤቱ አመኔታ ላይ እንዲቆም ሕጉ የተለወጠው በኦክቶበር 1918 ነው፤ ዘውዱ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም ነበር።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ድምፅ ወደ ወንበር የሚለወጥበት መንገድ ነው፤ ጋዜጦቻችንም ችላ የሚሉት ይህንኑ ነው። «እገሌ አሸነፈ» ብለው ያልፋሉ፣ በምን ሕግ እንዳሸነፈ ሳይነግሩን። በጅቡቲ መራጩ አንድ ሰው ሳይሆን በየምርጫ ክልሉ ሙሉ የእጩዎች ዝርዝር ይመርጣል። እስከ 2012 በነበረው ሕግ ደግሞ ብልጫ ያገኘው ዝርዝር የክልሉን ወንበር በሙሉ ይወስድ ነበር። 10 ወንበር ባለው ክልል አንዱ ዝርዝር 51፣ ሌላው 49 ከመቶ ቢያገኙ፣ አሥሩም ለመጀመሪያው ናቸው። ወንበር እንደ ድምፁ መጠን በሚከፈልበት በዛሬዋ ጀርመን ተመጣጣኝ ስሌት ቢሆን አምስት አምስት ይካፈሉ ነበር።

ይህ ሕግ በጃንዋሪ 2003 ያደረገውን ማንም የምርጫ ነገር የሚገደው ሰው ቢያውቀው እወዳለሁ። ተቃዋሚዎቹ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 37 ገደማ ድምፅ አገኙ፤ ወንበር ግን አንድም አላገኙም። 65ቱም ወደ ገዢው ጥምረት ሄዱ። ከሦስት መራጮች ከአንድ በላይ የሚሆኑት ድምፅ ሰጥተው ወኪል አልባ ሆኑ። ይህ በእኔ እምነት በደል ነው፤ በሕግ የተጻፈ መሆኑም በደልነቱን አይቀንሰውም።

በዚያው ምርጫ ግን 7 ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ምክር ቤቱ ገቡ። ያስቻለውም ያው የዝርዝር ምርጫ ነው። ከምርጫው ቀደም ብሎ የወጣ ሕግ ከመቶ 10ሩ ወንበር ቢያንስ የሴቶች እንዲሆን አዞ ነበር፤ የ65 አንድ አሥረኛ 6.5 ነው፣ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 7። ዝርዝሩ እንዳለ ስለሚያልፍ ስማቸው ከሰፈረ መግባታቸው አያጠራጥርም ነበር። አፋሩን፣ ሶማሌውንና ዐረቡን በአንድ ወረቀት ላይ ማሰለፍም እንዲሁ ይቀላል። የሕጉ ደጋፊዎች ይህን ሲሉ ሐሰት አይናገሩም፤ ተቃዋሚን ከደጅ ማስቀረት ለዚህ ለምን እንዳስፈለገ ግን አያስረዱም።

በ2012 ሕጉ ተሻሻለ። አሁን ብልጫ ያገኘው ዝርዝር ከክልሉ ወንበር 80 ከመቶውን ይወስዳል፤ የቀረው 20 ከመቶ በተመጣጣኝ ድልድል ይከፈላል። ለዚህኛው ድርሻ ከመቶ 10 ድምፅ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ጀርመን የምትጠይቀው 5 ነው። ከላይ ባነሣነው ባለ 10 ወንበር ክልል 8ቱ አሁንም ለአሸናፊው ናቸው ማለት ነው። በ2023፣ ዋነኞቹ ተቃዋሚዎች ከምርጫው ሲቀሩ፣ ገዢው ጥምረት 58 ወንበር፣ ዩዴዤ የተባለው ፓርቲ 7 ወንበር አገኙ። የሴቶቹ ድርሻም ከ2018 ጀምሮ በሕግ ወደ 25 ከመቶ ከፍ ብሏል።