አምፖሉን አጥፍተን ምጣዱን ረሳነው

«መብራት ያለ ሥራ አይብራ» የሚለው ማሳሰቢያ ከዚህ ግድግዳ ጠፍቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ማሳሰቢያው ትክክል ነው፤ እኛም አንቃወመውም። ነገር ግን በደባርቅና በዳባት ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና ሻይ ቤቶች፣ እንደዚሁም በእኛው ወጥ ቤት፣ ከብርሃን ይልቅ ገንዘብ የሚበላው ሙቀት ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ሦስት ሰዓት ሲጋገርበት 10.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በዚሁ ኃይል አንድ ባለ 9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል በየማታው 5 ሰዓት ቢበራ ከ230 ሌሊት በላይ ይዘልቃል። ያ የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል እንኳ 35 ሌሊት ያበራል። እንግዲህ በየኮሪደሩ አምፖል እያሳደድን ምጣዱ ባዶውን ሲግል ዝም ካልን፣ ቆጥበናል ብለን አፋችንን ሞልተን መናገር አንችልም።

«ታላቁ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም እያለን ምን ቁጠባ አስፈለገ?» የሚል ሠልጣኝ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም ኃይሉ ደባርቅ የሚደርሰው በሽቦና በትራንስፎርመር ነው። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ምጣዱንና ምድጃውን ባንድ ላይ ሲሰካ የሚጨናነቁት እነሱ ናቸው። ሂሳቡም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ለ12 ዓመታት ገደማ ሳይነካ የቆየው ታሪፍ ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ጨመረ፤ ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህም ሌላ የደረጃ በደረጃ ጭማሪ መጥቷል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እንግዳ የራቀው የሆቴል ባለቤት ይህን ሁሉ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

የሆቴሎቹ ዋና ጉድ ቦይለሩ ነው። ከስሜን ተራሮች የሚወርድ እንግዳ ብርድና አቧራ ለብሶ ስለሚመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው ሙቅ ውኃ ነው፤ ይህን መንፈግ አይቻልም። 80 ሊትር ውኃ ከ12 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። (ሒሳቡን መሥራት ለሚፈልግ፦ 80 በ48 በ4.186 አባዝቶ ለ3,600 ማካፈል ነው።) እስከዚህ ድረስ ያለው የአገልግሎት ወጪ ነው። ብክነቱ የሚመጣው ሰው በሌለበት ክፍል ቦይለሩ ሌት ተቀን ተሰክቶ ሲቀር ነው። የደባርቅ ሌሊት ሙቀቱን ይሰርቃል፣ ቦይለሩ መልሶ ያሞቃል፣ ሌሊቱ እንደገና ይሰርቃል። እንግዳ የሚገባው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ከሆነ 8 ሰዓት ላይ መሰካት ይበቃል። ውጭ የተዘረጋውን የሙቅ ውኃ ቧንቧም በወፍራም ነገር መጠቅለል ነው። በበጋ ጠራራ ፀሐይ ስላለን ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው የፀሐይ ማሞቂያ ሊታሰብበት ይገባል፤ መነሻው ግን ውድ ነው።

ወደ ድስቱ እንምጣ። እዚህ ላይ የሳይንስ መምህራን ልዩ ጥቅም አላቸው፤ ምክንያቱም ደባርቅ ራሷ ቤተ ሙከራ ናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ወይም በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክክና ባቄላ እዚህ አልበስል የሚለው በዚሁ የተነሳ እንጂ እሳቱ አንሶ አይደለም። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ምን ይደረጋል? «አልበሰለም» ተብሎ እንጨት ይጨመራል! ውኃው አንዴ ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል ቢነድበት ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። እንፋሎት ደግሞ ውድ ነው። አንድ ሊትር ውኃ በእንፋሎት ለማብነን የሚፈጀው ሙቀት፣ ያንኑ ሊትር ከቅዝቃዜው አንስቶ ለማፍላት ከሚፈጀው ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ክዳን የሌለው ድስት ሲንተከተክ ወደ ጣሪያ የሚወጣው ነገር፣ አንዲት እናት በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ ያመጣችው እንጨት ነው። ባቄላውን ማታ መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደን፣ ሲፈላ እሳቱን መቀነስ ሳንቲም አያስወጣም። አቅም ያለው ምግብ ቤት በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለውን ድስት ቢገዛ፣ ለቆላው ሰው ምቾት የሆነው ዕቃ ለእኛ አስፈላጊ ሆኖ ያገኘዋል። በእንጨት የሚጋግርም ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ከሲሚንቶ የሚሠራውን «ምርጥ» ምድጃ ቢይዝ ማገዶው እስከ ግማሽ ይቀንስለታል።

ስለ ምጣዱ ከጋጋሪዎች ጋር ተነጋግረናል። ጭቃው እስኪግል የሚጠፋው ጊዜ ለ5 እንጀራም ለ40ም አንድ ነው። ስለዚህ ጠዋትም ማታም ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ባንድ ጊዜ መጨረስ ይሻላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራ ሶኬቱን ነቅሎ በተረፈው ግለት ማውጣትም ይቻላል ስንል አንዷ ሳቀችብን። «ሦስተኛው ዓይን አያወጣም፤ ለእናንተ ከሆነ ግን እንጋግረዋለን» አለች። ሁለት ይሁን ተባባልን።

ሕንፃውን በተመለከተ ብዙ አንልም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ማታ ሙቀት አያስቀርም። የአዲስ አበባን አይቶ ፊቱን ሁሉ መስታወት ማድረግም ለደባርቅ ብርድ የሚሆን አይመስለንም፤ የጭቃው ግድግዳ ይህን ከእኛ በፊት ያውቀዋል።

ለመለካት የሚፈልግ ሠልጣኝ ዲጂታል ቆጣሪው ላይ ብልጭ ድርግም የምትለውን ትንሽ ቀይ መብራት ይመልከት። ስንት ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሆን እዚያው ፊቱ ላይ ተጽፏል። 1,000 ከሆነ፣ ምጣዱ ብቻውን ሲሠራ በደቂቃ 58 ያህል ጊዜ ብልጭ ትላለች። ከዚያ ሌሊት ሁሉም ከተኛ በኋላ አምፖሉን ሁሉ አጥፍቶ ተመልሶ ይቁጠር። አሁንም ቶሎ ቶሎ ብልጭ የምትል ከሆነ፣ የሆነ ቦታ አንድ ቦይለር ለማንም ውኃ እያሞቀ ነው።