ቦርጭን በቀዶ ሕክምና ለማስወገድ ከመወሰናችን በፊት

ከወሊድ በኋላ ሆዳቸው እንደ ቀድሞው አልመለስ ያላቸው እህቶች ጥቂት አይደሉም። በወገዳም ሆነ በጋይንትና በእስቴ ብዙ እናቶች ሆዳቸውን በመቀነት አጥብቀው በማሰር ይረዳሉ። ለሥራ ዓረብ አገር የሚሄዱት ደግሞ የሆድ ማስቀነሻ ኦፕራሲዮን ማስታወቂያ ያጋጥማቸዋል። ይሁን እንጂ ገንዘብ ከማዘጋጀት በፊት ሆድን ያስተለቀው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። የሕክምናው ዓይነት የሚመረጠው በዚሁ ነውና።

ሆድን የሚያስተልቁት ምን ምን ናቸው?

1. ከቆዳ ሥር ያለ ስብ፦ በጣት ሲቆነጠጥ ይያዛል። ላይፖሰክሽን በሚባለው ዘዴ በቀጭን ቱቦ ይመጠጣል። ቆዳው አስቀድሞ የላላ ከሆነ ግን ስቡ ሲወጣ ይበልጥ ሊንጠለጠል ይችላል።

2. በአንጀት ዙሪያ ያለ ስብ፦ ሆድ ጠጠር ብሎ ወደ ፊት ይገፋል። ለስኳርና ለልብ በሽታ ይበልጥ የሚያጋልጠው ይህ ሲሆን፣ የመምጠጫው ቱቦ አይደርስበትም። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ15 ወፍራም ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት 10 ኪሎ ገደማ ስብ ተመጥጦላቸው እንኳ የደም ግፊታቸውም ሆነ የኮሌስትሮል መጠናቸው አልተሻሻለም። መድኃኒቱ ቅባትና ስኳር መቀነስ እንዲሁም የእግር ጉዞ ነው።

3. የላላ ቆዳና የተራራቀ ጡንቻ፦ በእርግዝና ጊዜ ከእምብርት ግራና ቀኝ ያሉት ጡንቻዎች ይራራቃሉ። በአብዛኛው ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት መልሰው ይቀራረባሉ። ካልሆነ አብዶሚኖፕላስቲ በሚባለው ቀዶ ሕክምና ትርፉ ቆዳ ተቆርጦ ጡንቻው ይሰፋል። ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚደርስ ጠባሳ ይተዋል። ቆዳው የላላው ከእምብርት በታች ብቻ ከሆነ አነስተኛው ዓይነት ይበቃል።

4. ሄርኒያ፦ ሲያስሉ ወይም ዕቃ ሲያነሱ እምብርት አካባቢ ያብጣል፤ ሲተኙ ይመለሳል። ይህ የውበት ጉዳይ ሳይሆን በሽታ ነው፤ ለዚህ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። እንደ ደብረ ታቦር ባሉ ሆስፒታሎች ያለ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ያክመዋል። እብጠቱ አልመለስ ብሎ ከጠነከረ፣ ካመመና ካስመለሰ ግን ለነገ ሳይሉ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ሰውነት እየከሳ ሆድ ብቻ የሚያድግ ከሆነ ደግሞ የጉበት በሽታ ወይም የእንቁላል ማምረቻ እጢ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ በአልትራሳውንድ ይታይ።

ጊዜውና አደጋው

ገና መውለድ የምትፈልግ እህት ብትቆይ ይሻላል፤ ቀጣዩ እርግዝና የተሰፋውን መልሶ ያላላዋል። ከአብዶሚኖፕላስቲ በኋላ ለ6 ሳምንታት ያህል ከባድ ነገር ማንሳት አይፈቀድም። እንስራ ተሸክማ ውኃ ለምትቀዳ እናት ይህ ቀላል አይደለምና የሚያግዛት ሰው አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ከአደጋዎቹ መካከል የደም መርጋት፣ የስብ ወደ ሳንባ መሄድና ኢንፌክሽን ይገኙበታል። ከ2009 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ለውበት ቀዶ ሕክምና ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከተጓዙ አሜሪካውያን 93ቱ ሞተዋል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን መውሰድና ረጅም በረራ የደም መርጋትን አደጋ ስለሚጨምሩ ለሐኪሙ መንገር ግድ ነው።

በሸሪዓ እንዴት ይታያል?

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ማሌዥያ ውስጥ ባሳለፈው ውሳኔ ጉድለትን ወይም ጉዳትን ለማከም የሚደረገውን ለውበት ብቻ ተፈጥሮን ከመለወጥ ለይቷል። ስብ ማስወጣትንም ውፍረቱ በሽታ ሲሆን፣ ሌላ መፍትሔ ሲታጣና ከጉዳት የሚያስተማምን ሲሆን ፈቅዷል።

ሐኪሙን ምን እንጠይቅ?

የሙያ ፈቃድዎ በየትኛው ዘርፍ ነው? ሰመመኑን የሚሰጠው ማነው? ችግር ቢፈጠር ሌሊት የት እደውላለሁ? ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ማን ይከታተለኛል? ለእነዚህ ግልጽ መልስ የማይሰጥ ክሊኒክ ዋጋው ቢረክስም ይቅር።