ከረሜላው መጋዘን ውስጥ፣ ገዢው ደጅ ላይ

አንድ ትልቅ ኩባንያ አዲስ የኮምፒዩተር ሥርዓት ሊያስገባ መሆኑን ሲያስታውቅ ባለአክሲዮኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ዋጋውን ነው። ሥርዓቱ ለየትኛው የንግድ ዓላማና በየትኛው የገበያ ወቅት እንደሚገባ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይህ ጥያቄ ሲዘለል የሚያስከትለውን ኪሣራ የአሜሪካው የቸኮሌትና የከረሜላ አምራች ኸርሺ ቀምሶታል።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1996 ያረጁ የኮምፒዩተር ሥርዓቶቹን ለመለወጥ ወሰነ። እ.ኤ.አ. 2000 ሲገባ ይደርሳል ተብሎ የተፈራው የኮምፒዩተሮች የቀን አቆጣጠር ችግር ያስቸኩል ስለነበር፣ 4 ዓመት ያስፈልገዋል የተባለው ሥራ በ30 ወር እንዲያልቅ ታዘዘ። የትእዛዝ መቀበያውን፣ የመጋዘኑን፣ የሥርጭቱንና የሒሳቡን ሥራ አንድ ላይ የሚያያይዘው ፕሮጀክት 112 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣበት።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1999 ሥራ ይጀምራል የተባለው ሥርዓት ወደ ሐምሌ ተንሸራተተ። ችግሩም የመጣው ከዚህ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ለሚውለው ሃሎዊን፣ ቀጥሎም ለገና፣ ቸርቻሪዎች ከረሜላ በብዛት የሚያዙት በዚሁ ሰሞን ነው። መርካቶ ውስጥ በፋሲካ ዋዜማ መደርደሪያውን አፍርሶ የሚያድስ ነጋዴ አይገኝም። ኸርሺ ያደረገው ግን ይህንኑ ነበር።

ምርት አልጠፋም። በበዓል ሰሞን የሚተርፈው ከረሜላ በጊዜያዊ ማከማቻዎች ይቀመጥ ነበር፤ የት እንዳለም ሠራተኞቹ በልማድ ያውቁታል። እነዚህ ቦታዎች ግን በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ በማከማቻነት አልተመዘገቡም። ስለዚህ ዕቃው ተከምሮ ሳለ ኮምፒዩተሩ አላየውም። ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ትእዛዝ በወቅቱ ሳይደርስ ቀረ። የ3ኛው ሩብ ዓመት ትርፍ በ19 በመቶ አሽቆለቆለ። ቸርቻሪውም ባዶ መደርደሪያ ይዞ አይጠብቅምና የሌሎች አምራቾችን ከረሜላ ደረደረ።

ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ ብቻ እንዳልነበረ ከ3 ዓመት በኋላ ታየ። ኩባንያው ይህንኑ ሥርዓት ሲያሻሽል ሥራውን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2002፣ ከበዓሉ ጥድፊያ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ፣ ያለ ችግር አጠናቀቀ። ወጪውም ከተያዘለት በጀት በታች ሆነ።

እንግዲህ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ «አዲስ ሲስተም እናስገባለን» የሚል ሪፖርት የሚቀርብለት ባለአክሲዮን ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ፕሮጀክቱ የትኛውን የንግድ ችግር ይፈታል? በኃላፊነት የሚመራው የኮምፒዩተር ክፍሉ ብቻ ነው ወይስ የሽያጭና የመጋዘን ኃላፊዎችም አሉበት? ሥራ የሚጀምርበትስ ወር ገበያው የሚደራበት ነው ወይስ የሚቀዘቅዝበት? ሥራ አመራሩ ለሦስቱም በቂ መልስ ከሌለው በጀቱን ከማጽደቅ በፊት ማሰቡ ይበጃል።